ከሌንሱ በፊት ጉልቻው

የዱር እንስሳትን ፎቶግራፍ ማንሳት የሚሹ ተማሪዎች ዘወትር የሚያቀርቡልን ጥያቄ አንድ ዓይነት ነው፤ «የትኛውን ሌንስ እንግዛ?» የሚል። ሌንሱ ምን ላይ እንደሚቆም የሚጠይቀን ግን ከስንት አንድ ነው። በእኛ እምነት የጥያቄው ቅደም ተከተል ተገልብጧል። አንድ ከባድ ቴሌፎቶ ሌንስ የሚሰጠን ምስል ጥራት የሚወሰነው በመስታወቱ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ከመስታወቱ ይልቅ በሥሩ ያለው ማቆሚያ፣ ማለትም በተለምዶ ትራይፖድ የምንለው ባለ ሦስት እግር መሣሪያ ይወስነዋል። ይህን ማቆሚያ በትክክል ለመምረጥ ደግሞ የሻጭ ምክርም ሆነ የታወቀ የንግድ ስም የግድ አያስፈልግም። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጀምሮ የተማርነው የሜካኒክስ ዕውቀት ይበቃል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይህንኑ ማሳየት ነው።

«ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል። ስለ ወጥ የተነገረው እውነት ነው። ረጅም ሌንስ ግን የዚህ ምሳሌ ተቃራኒ ነው፤ ጉልቻው ካልጸና ወጡ ምንም ቢዋጣለት አይበላም።

ርቀቱን ማን ይከፍላል?

ጉዳዩ የፎቶግራፍ ውበት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ ላይ ይህን ያህል ቦታ ባልሰጠነው ነበር። ነገሩ እንስሳቱንም ይነካል። በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የተዘረጋውን የሳነቴ አምባ እንውሰድ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዓለም ላይ በጠቅላላ ወደ 500 ገደማ ብቻ እንደሆነ ከሚገመተው ቀይ ቀበሮ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚኖረው በእነዚሁ ተራሮች ላይ ነው። ቀይ ቀበሮ ቀን ቀን ያድናል፤ ፍልፈል ከጉድጓዱ ብቅ እስኪል ድረስ አድፍጦ ይጠብቃል። በዚህ ሰዓት ወደ እርሱ እየተጠጋ የሚመጣ ሰው የዕለት ምግቡን ያስመልጠዋል።

ቴሌፎቶ ሌንስ የተሠራው ይህን ጉዳት ለማስቀረት ነው። 36 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ሴንሰር ባለው ካሜራ ላይ የተገጠመ የ600 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 6 ሜትር ስፋት ያለውን ቦታ ያሳየናል። አንድ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ቀበሮ የምስሉን አንድ ስድስተኛ ይይዛል ማለት ነው። በ300 ሚሊሜትር ሌንስ ይህንኑ መጠን ለማግኘት ወደ 50 ሜትር መጠጋት ግድ ይሆናል። ስለዚህ ሌንሱ ርቀትን ይገዛልናል። ነገር ግን ምስሉ በመንቀጥቀጥ ምክንያት ከደበዘዘ የተገዛው ርቀት ከንቱ ይሆናል፤ ፎቶ አንሺውም የጎደለውን ዝርዝር ለማግኘት ሲል በእግሩ ይጠጋል። በአጭሩ፣ እኛ ለማቆሚያው ያልከፈልነውን ዋጋ እንስሳው ይከፍለዋል።

የአንድ ፒክስል ዋጋ

አሁን ወደ ስሌቱ እንግባ። በዚያ ሴንሰር ስፋት ላይ 6,000 ፒክስሎች ተደርድረው ቢሆን፣ የእያንዳንዱ ስፋት 6 ማይክሮሜትር ይሆናል። ይህ በ600 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ሲካፈል አንድ መቶ ሺኛ ራዲያን ይሰጠናል። ሌንሱ በዚህች አንግል መጠን ከዞረ ምስሉ አንድ ፒክስል ይንሸራተታል።

ይህች አንግል ምን ያህል ጥቃቅን እንደሆነች ለመረዳት፣ ከማዞሪያው ነጥብ 40 ሴንቲሜትር ርቆ የሚገኘውን የሌንሱን ጫፍ እናስብ። ጫፉ 4 ማይክሮሜትር ብቻ ከተነቃነቀ አንድ ፒክስል አለፈ ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት ከዚህ ከ10 ጊዜ በላይ ይበልጣል። እንግዲህ ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት ምስሉ 4 ፒክስል ያህል ከተንሸራተተ፣ ያ የ600 ሚሊሜትር ሌንስ በዚያ አቅጣጫ የሚያሳየን ዝርዝር በጽኑ ማቆሚያ ላይ ከተቀመጠ የ150 ሚሊሜትር ሌንስ እምብዛም አይሻልም። የዚህ ዓይነቱ ትልቅ ሌንስ ዋጋ ከ10,000 የአሜሪካ ዶላር በላይ መሆኑን ስናስታውስ፣ በደካማ እግር ላይ ማስቀመጡ ምን ያህል ብክነት እንደሆነ ግልጽ ይሆናል።

በማሸጊያው ላይ የተጻፈው ኪሎግራም

ገዥው በገበያ ላይ የሚያገኘው ዋና መረጃ «ይህ ትራይፖድ ይህን ያህል ኪሎግራም ይሸከማል» የሚል ነው። ይህ ቁጥር በሁለት ምክንያት አያስተማምንም። አንደኛ፣ ሁሉም አምራቾች የሚገዙበት አንድ ወጥ የመለኪያ ደንብ የለም፤ የአንዱ 15 ኪሎግራም ከሌላው 15 ኪሎግራም ጋር ላይነጻጸር ይችላል። ሁለተኛና ዋናው ምክንያት ግን ቁጥሩ የሚመልሰው የተሳሳተውን ጥያቄ መሆኑ ነው። ጥንካሬና ግትርነት የተለያዩ ባሕርያት ናቸው። የጠፍር አልጋ ሁለት ሦስት ሰው ተኝቶበት አይሰበርም፤ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከመካከላቸው አንዱ በተገላበጠ ቁጥር ሁሉም ይነቃነቃሉ፤ ግትር አይደለም። ሌንሳችን 4 ወይም 5 ኪሎግራም ነው፤ ይህን የማይሸከም ትራይፖድ ጥቂት ነው። ልንጠይቅ የሚገባን ይሰበራል ወይ ብለን ሳይሆን፣ ትንሽ ኃይል ሲያርፍበት በምን ያህል አንግል ይዞራል ብለን ነው።

ይህን በቁጥር የምንገልጸው ቶርክን ለተፈጠረው አንግል በማካፈል ነው። ለምሳሌ ያህል የአንድ ማቆሚያ ግትርነት 1,000 ኒውተን ሜትር በራዲያን ነው ብንል፣ ሌንሱን በአንድ ፒክስል ለማዞር 0.01 ኒውተን ሜትር ይበቃል። ይህም ከማዞሪያው ነጥብ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ የተንጠለጠለ የ4 ግራም ክብደት ነው።

ሌላም ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። እግሮቹ፣ በላያቸው ያለው ራስ እና ሌንሱ ከራሱ ጋር የሚያያዝበት እግር በተከታታይ የተቀጣጠሉ ሦስት ሞላዎች ናቸው። የተከታታይ ሞላዎች ጠቅላላ ግትርነት ከሁሉም ከደካማው እንኳ እንደሚያንስ ተምረናል። የእግሮቹ ግትርነት 2,000፣ የራሱ 2,000፣ የሌንሱ እግር ደግሞ 500 ቢሆን ድምሩ 333 ብቻ ይሆናል። ባለገንዘቡ ሰው ውድ እግሮች ገዝቶ 2,000ውን ወደ 4,000 ቢያሳድገው ጠቅላላው ከ333 ወደ 364 ብቻ ከፍ ይላል። ይልቁንስ ደካማውን የሌንስ እግር በተሻለ ተክቶ 500ውን ወደ 1,000 ቢያደርሰው ጠቅላላው 500 ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው የምርጫ ደንባችን «ደካማውን ፈልግ» የሚል ነው። ያለዚህ የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ በጭፍን የወጣ ነው።

ስለ እግሮቹ

እግሮቹ ሦስት የሆኑት በአጋጣሚ አይደለም። ሦስት ነጥቦች አንድ ጠለል ይወስናሉ፤ ስለዚህ ባለ ሦስት እግር ነገር ወጣ ገባ በሆነ መሬት ላይም ቢሆን ሳይወላገድ ይቆማል። እናቶቻችን ሦስት ጉልቻ የሚጎልቱትም በዚሁ ምክንያት ነው። አራተኛ ቢጨመር አንዱ በአየር ላይ ይቀር ነበር።

የቱቦ እግር ግትርነት፣ የግድግዳው ውፍረት እኩል ከሆነ፣ በግምት ከዲያሜትሩ ሦስተኛ ርቢ ጋር ያድጋል። ከላይ 28 ሚሊሜትር ከሆነ እግር ይልቅ 36 ሚሊሜትር የሆነው ከእጥፍ በላይ ግትር ነው። በአንጻሩ በርዝመት በኩል ሕጉ ይቀጣናል፤ በጎን በኩል በሚያርፍ አንድ ዓይነት ኃይል የሚደርሰው መጉበጥ ከርዝመቱ ሦስተኛ ርቢ ጋር ይጨምራል። ርዝመቱን በአንድ ተኩል ብናባዛው መጉበጡ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህ ተነስተን የምንሰጠው ምክር ግልጽ ነው። ወፍራም እግር ይመረጥ። የሚገጣጠሙ ክፍሎቹ ከአምስት ይልቅ ሦስት ቢሆኑ ይሻላል፤ መጋጠሚያ ሁሉ የመላላት ምንጭ ነውና። ከሥር ያሉት ቀጫጭን ክፍሎች ካላስፈለጉ አይዘርጉ። ከመካከል ወደ ላይ የሚመዘዘው ምሰሶ ከነጭራሹ ባይኖር ይመረጣል፤ ካለም ዝቅ ብሎ ይቀመጥ። ቆሞ ከማንሳት ይልቅ ተቀምጦ ማንሳት ለማቆሚያው ይጠቅማል፤ የእንስሳውንም ዓይን በዓይን ደረጃ ያገኛል።

ስለ ራሱ

የሚዛን ዓይነቶች ሦስት እንደሆኑ እናስታውስ፤ ጽኑ፣ ያልጸና እና ገለልተኛ። ባለ ኳስ ራስ ላይ የተቀመጠ ከባድ ሌንስ ያልጸና ሚዛን ምሳሌ ነው። የስበት ማዕከሉ ከኳሱ በላይ ስለሆነ ማሰሪያው ሲላላ መውደቅ ይፈልጋል። ሌንሱና ካሜራው በአንድነት 5 ኪሎግራም ቢሆኑ፣ የስበት ማዕከላቸውም ከኳሱ መሐል 12 ሴንቲሜትር ከፍ ቢል፣ በ30 ዲግሪ ሲያጋድል የሚፈጠረው ቶርክ 2.9 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። ቀደም ሲል አንድ ፒክስል ለማንሸራተት ይበቃል ካልነው ወደ 300 እጥፍ ይጠጋል። ኳሱ በደንብ ካልጠበቀ ሌንሱ አፍንጫውን ደፍቶ ይወድቃል፤ አንዳንዴም መላ ማቆሚያውን ይዞ ይገለበጣል።

ጊምባል የተባለው ራስ ይህን ችግር ከሥሩ ይነቅለዋል። መርከበኞች ኮምፓሳቸው በማዕበል እንዳያጋድል በሁለት ቀለበቶች መካከል ያንጠለጥሉት እንደነበረው ሁሉ፣ በዚህ ራስ ላይ የሌንሱ የስበት ማዕከል በሁለቱም የመዞሪያ ዘንጎች ላይ እንዲያርፍ ይደረጋል። ክንዱ ዜሮ ስለሆነ ቶርኩም ዜሮ ነው፤ ሚዛኑ ገለልተኛ ይሆናል። 5 ኪሎግራም የሚመዝነው ሌንስ በአንድ ጣት ይዞራል፣ ሲለቁትም ባለበት ይቆማል። አስተካካዩ ፎቶ አንሺው ራሱ ስለሆነ ሁለት ነገር ያድርግ፤ መጀመሪያ ሌንሱን ወደፊትና ወደኋላ በማንሸራተት አግድም ሚዛኑን፣ ቀጥሎም ከፍ ዝቅ በማድረግ ቁመታዊ ሚዛኑን ያግኝ። ሁለተኛውን ችላ የሚሉ ብዙዎች ናቸው፤ «ጊምባሉ አይሠራም» የሚለው ቅሬታም ከዚህ ይመነጫል።

ነፋስና ንዝረት

በሳነቴ ላይ ዋናው ጠላት ነፋስ ነው። በሰከንድ 5 ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ከሌንሱ ፊት በሚገጠመው መከለያ ጎን ላይ ሲያርፍ እናስላ። የመከለያው የጎን ስፋት 0.024 ካሬ ሜትር፣ ከማዞሪያው ነጥብ ያለው ርቀት 35 ሴንቲሜትር ይሁን። በዚያ ከፍታ የአየሩ እፍጋት በባሕር ወለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል በመሆኑ ተራራው መጠነኛ ውለታ ይውልልናል። ያም ሆኖ የሚፈጠረው ቶርክ ወደ 0.08 ኒውተን ሜትር ይጠጋል፤ ግትርነቱ 1,000 በሆነው ማቆሚያችን ላይ ይህ 8 ፒክስል ነው። የነፋሱ ፍጥነት እጥፍ ከሆነ ውጤቱ አራት እጥፍ፣ ማለትም ከ30 ፒክስል በላይ ይሆናል። የማይለዋወጥ ነፋስ ምስሉን ያንሸራትት እንደሆነ እንጂ አያደበዝዘውም፤ የሚጎዳው መጣ ሄደት የሚለው ነፋስ ነው። ስለዚህ ነፋስ ሲበረታ፣ ፀሐይ በቀጥታ ሌንሱን የማትመታው ከሆነ፣ መከለያውን ማውለቅ ብቻ ትልቅ ጥቅም አለው። ከማቆሚያው ሥር የሚንጠለጠል ቦርሳም ይረዳል፤ ነገር ግን ነፋስ የሚያወዛውዘው ቦርሳ ራሱ ሌላ ፔንዱለም እንዳይሆን መሬት መንካት አለበት።

አንድ ማቆሚያ ግትር ብቻ ቢሆን አይበቃም፤ የተነሳበትን ንዝረት ቶሎ ማብረድም ይኖርበታል። ለዚህ ሥራ ርካሹ መሣሪያ የሰው ሥጋ ነው። ግራ እጅን ከሌንሱ እግር በላይ ባለው ቦታ ላይ አሳርፎ፣ ፊትን ከካሜራው ጀርባ ጋር አስነክቶ ማንሳት የንዝረቱን ጉልበት ይመጣል።

«ዘመኑ አልፎበታል» ለሚሉ

ትራይፖድ አስፈላጊነቱ ቀርቷል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው ከንቱ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 ለገበያ የቀረበው የካኖን 600 ሚሊሜትር ሌንስ 5.36 ኪሎግራም ይመዝን ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነው ተተኪው 3.05 ኪሎግራም ብቻ ነው። በሌንሱና በካሜራው ውስጥ ያሉት ንዝረት አካካሾችም እጅግ ተሻሽለዋል። በጠራ ፀሐይ፣ በሰከንድ አንድ ሁለት ሺኛ ፍጥነት፣ የሚበርን ንስር ለማንሳት የፈለገ ሰው በእጁ ይዞ ቢያነሳ እኛም አንቃወምም።

ነገር ግን ቀበሮ በብዛት የሚንቀሳቀሰው ብርሃን በጠፍ ጨረቃ ጊዜ ባይሆንም፣ ምርጡ ብርሃን የሚገኘው በማለዳና ወደ ማምሻው ነው፤ ያኔ ብርሃኑ ስለሚያንስ ፎቶው ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል። በሰከንድ 15 ጊዜ የሚንቀጠቀጥ ሌንስ በአንድ ሺኛ ሰከንድ ውስጥ የሚሄደው ከንዝረቱ ስፋት አንድ አሥረኛውን ቢሆን ነው፤ በአንድ ሠላሳኛ ሰከንድ ውስጥ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጓዛል። በተጨማሪም አካካሹ ክንድን ከድካም አያድንም። ፍልፈል ከጉድጓድ እስኪወጣ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው ሌንሱን በእጁ ይዞ ሊዘልቅ አይችልም፤ የደከመው ሰው ደግሞ ወይ ይነቃነቃል፣ ወይ ይጠጋል።

በአቅማችን ምን እናድርግ?

የመጀመሪያው መፍትሔ የእህል ከረጢት ነው። ወፍራም ጨርቅ ሰፍቶ ባዶውን ተሸክሞ መሄድ፣ ከጎባ ገበያ ሦስት ኪሎ ያህል ባቄላ ወይም ሽንብራ ገዝቶ መሙላት፣ በመኪናው በር መስኮት ላይ አስቀምጦ ሌንሱን በላዩ ማሳረፍ ነው። አምባውን አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ለዚህ የተመቸ ነው። ፍሬዎቹ እርስ በርሳቸው ሲፋተጉ ንዝረቱን ወደ ሙቀት ይለውጡታል፤ ክንዱም አጭር ስለሆነ ቶርኩ አነስተኛ ነው። የመኪናው ሞተር ግን መጥፋት አለበት። ከረጢቱም በደንብ ይሰፋ፤ በፓርኩ ውስጥ የሚፈስ እህል እንስሳቱን ያላመዱትን ምግብ ያለማምዳቸዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ በየምህንድስና ክፍሎቻችን መጋዘን ውስጥ አቧራ የለበሱት የእንጨት የቅየሳ ማቆሚያዎች ናቸው። ቴዎዶላይት የጥቃቅን አንግል መለኪያ በመሆኑ ማቆሚያው ለዚሁ ግትርነት ታስቦ የተሠራ ነው። የመያዣው ብሎን 5/8 ኢንች ሲሆን የፎቶግራፍ ራሶች የሚፈልጉት 3/8 ኢንች ነው፤ ስለዚህ አንዲት የብረት ማገናኛ ማስቀረጽ ያስፈልጋል። ይህ የአንድ ቶርኖ ሠራተኛ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። እንጨት ኋላ ቀር ቁስ ነው ብሎ የሚንቅ ካለ፣ በጀርመን አገር በርለባኽ የተባለው ኩባንያ ዛሬም የእንጨት ትራይፖድ እየሠራ እንደሚሸጥ ይወቅ። እንጨት ቀላል ስለሆነ በዚያው ክብደት ወፍራም እግር መሥራት ያስችላል፤ ንዝረትንም ከአሉሚኒየም ፈጥኖ ያበርዳል። አንጓ የሌለው በደንብ የደረቀ እንጨት፣ ጥሩ አናጺና የብረት ሠራተኛ ካሉን ራሳችን የማንሠራበት ምክንያት አይታየንም።

ሦስተኛው ደግሞ መለካት ነው። ማንኛውም ተማሪ ሊሠራው የሚችል ሙከራ እነሆ። በሌንሱ ላይ የሌዘር ማመልከቻ እሰሩ፤ ብርሃኑን 10 ሜትር ርቆ ባለ ግድግዳ ላይ አሳርፉና ቦታውን በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ከዚያም ከማዞሪያው ነጥብ በ25 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 100 ግራም አንጠልጥሉ። ነጥቡ 2.45 ሚሊሜትር ከወረደ ግትርነቱ 1,000 ኒውተን ሜትር በራዲያን ነው፤ 5 ሚሊሜትር ያህል ከወረደ ግማሹ ነው። ብርሃኑ ዓይን ላይ እንዳያርፍ ተጠንቀቁ። ቀጥሎ ሌንሱን በጣት መታ አድርጋችሁ ነጥቡ እስኪረጋ ድረስ ያለውን ጊዜ ቁጠሩ። በዚህ መንገድ ግትርነቱንም የማብረድ ችሎታውንም አወቃችሁ ማለት ነው። እግሩን እያሳጠራችሁ፣ ራሱን እየለወጣችሁ ደጋግሙት፤ ደካማው ክፍል ራሱን ያጋልጣል።

የብርሃን ሙከራ የሚሠራ የፊዚክስ ባለሙያ ሌዘሩን ከመግዛቱ በፊት የማይነቃነቅ ጠረጴዛ ያዘጋጃል። ቴሌስኮፕ የሚተክልም ከቱቦው አስቀድሞ የሚቆምበትን የኮንክሪት ምሰሶ ከሕንጻው ወለል ነጥሎ ያቆማል። የዱር እንስሳት ፎቶ አንሺም ከዚህ የተለየ ሕግ የለውም። ስለዚህ ገንዘባችሁን ስትመድቡ ከሌንሱ በፊት የማቆሚያውን ድርሻ አስቀምጡ። ጽኑ ማቆሚያ ያለው ሰው በ100 ሜትር ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ቀበሮውም ሳይረበሽ አድኖ ይበላል፤ የአገራችን ብርቅዬ እንስሳም በጠራ ምስል ይመዘገባል። ይህን ሁሉ ለማግኘት የሚጠየቀው የሜካኒክስ ደብተርን እንደገና መግለጥ ነው።